ሆድ ለባሰው ሰው እንክብል

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንጀቴ ተከሳሽ ሆኖ ይቀርባል። እንቅልፍ ካጣሁ ጥፋቱ የአንጀቴ ነው። ጉንፋን ከደጋገመኝ የአንጀቴ ነው። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ እግሬ ከከበደኝም የአንጀቴ ነው። መፍትሔው ደግሞ በነጭ ጠርሙስ ታሽጎ ይጠብቃል፦ ይህን ያህል ቢሊዮን ሕያው ባክቴሪያ፣ ለበሽታ መከላከል አቅም፣ ለጭንቀት፣ ለጥሩ ስሜት። ከሥሩ የቴሌግራም አድራሻና "ያሉበት ድረስ እናመጣለን" የሚል ቃል አለ። ያሉበት ድረስ መምጣቱ እውነት ነው። የቀረው ይጣራ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ፕሮባዮቲክ የሚባለው ነገር ባዶ ተረት ነው አልልም። የተወሰኑ ዝርያዎች፣ ለተወሰነ ችግር፣ በተወሰነ መጠን እንደሚረዱ የሚያሳዩ ደህና ጥናቶች አሉ። የምለው ሌላ ነው፦ ለጤነኛ ሰው "ኢሚዩኒቲ ይጨምራል፣ ስትረስ ይቀንሳል" ተብሎ የሚሸጠው እንክብል ያልተረጋገጠ ተስፋ ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ የድካማችንን ምክንያት በግልጽ ከሚታይበት ቦታ አንስቶ ማንም ገብቶ ወደማያየው ወደ አንጀታችን ማዛወሩ ነው።

ሐኪም አይደለሁም። በምህንድስና ተመርቄ ሶፍትዌር እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ሥራዬ ግን አንድ ልማድ አስይዞኛል፤ አንድ ሰው "ይሠራል" ብሎኝ ሲመጣ "እንዴት ፈተንከው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ነጭ ጋውን አያስፈልግም። መልሱን ለመስማት ትንሽ ትዕግሥት ግን ያስፈልጋል።

የአንድ ትልቅ ሰው ግምት

የፕሮባዮቲክ ታሪክ የሚጀምረው ከአጭበርባሪ አይደለም፣ ከትልቅ ሳይንቲስት ነው። ኤሊ ሜችኒኮፍ በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ ነበር። አንዳንድ የሰውነት ሕዋሳት ወራሪ ጀርሞችን ከበው እንደሚውጡ ያሳየ፣ በዚህም እ.ኤ.አ. በ1908 ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት የተካፈለ ሰው ነው። ዛሬ ስለ በሽታ መከላከል አቅም ከምናውቀው ነገር አንዱ መሠረት የእሱ ሥራ ነው። ይኸው ሰው ዕድሜው ሲገፋ ሌላ ሐሳብ ያዘው። እርጅና የሚመጣው በትልቁ አንጀት ውስጥ ጎጂ ባክቴሪያዎች ከሚያመርቱት መርዝ ነው አለ። የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜያቸው የሚረዝመውም እርጎ ስለሚጠጡ ነው አለ። ራሱም የረጋ ወተት በየቀኑ ይጠጣ ጀመር። በ1916 በ71 ዓመቱ አረፈ።

ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ሐሳቡ በማይክሮስኮፕ ታይቶ፣ ተፈትኖ፣ በተቃዋሚዎች ተብጠልጥሎ የቆመ ነው። ሁለተኛው ግምት ነበር። ገበያው የወደደው ግን ሁለተኛውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 አይዛክ ካራሶ ባርሴሎና ውስጥ ዳኖን ብሎ እርጎ ማምረት ሲጀምር፣ እርጎው ይሸጥ የነበረው በመድኃኒት ቤት ነበር። በጃፓን ሚኖሩ ሺሮታ በ1930 የለየው ባክቴሪያ በ1935 ያኩልት ተብሎ ገበያ ወጣ። ሳይንሱ ገና "ይሆን እንዴ?" እያለ ሳለ ንግዱ "ነው" ብሎ ጨርሶ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ርቀቱ አልጠበበም።

ጠርሙሱን አዙረን እናንብብ

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ለፕሮባዮቲክ ትርጉም ሰጥተውታል። በአጭሩ፦ ሕያው የሆኑ፣ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለወሰዳቸው ሰው የጤና ጥቅም የሚሰጡ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። እኔ ይህን ትርጉም የማነበው እንደ ፕሮግራመር ነው። ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። ሦስቱም ካልተሟሉ ውጤቱ "አይደለም" ነው።

አንደኛው ሕያው መሆን ነው። ባክቴሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ በሕይወት ነበር ማለት እኛ ጋ ሲደርስም አለ ማለት አይደለም። ሙቀትና እርጥበት ይገድሉታል። አንዳንድ አምራቾች በጠርሙሱ ላይ የሚጽፉት ቁጥር የምርት ቀኑን ቁጥር ነው፤ የማብቂያ ቀኑን አይደለም። አሁን ያንን ጠርሙስ በሰው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፣ አውሮፕላን ላይ ጫኑት፣ መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጁ የሚጠፋበት ሱቅ አስቀምጡት፣ ከዚያ በሞተር ሳይክል ሳጥን ውስጥ በቀትር ፀሐይ ከተማውን አዙሩት። እኛ ጋ ሲደርስ ስንት ቀረ? ማን ቆጠረ? ሻጩን ጠይቁትና መልሱን አዳምጡ።

ሁለተኛው በቂ መጠን ነው። "10 ቢሊዮን" የሚለው ቁጥር የሚያስደነግጥ ይመስላል። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የታወቀ ስሌት በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ እንዳለ ይገምታል፤ አብዛኛው ያለው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። 38 ትሪሊዮንን ለ10 ቢሊዮን አካፍሉት፤ 3,800 ይመጣል። 3,800 ሰው ከኖረበት ሰፈር አንድ እንግዳ በዕለቱ ገብቶ በማግስቱ ይወጣል እንደማለት ነው። ቁጥር ብቻውን ሁሉንም አይናገርም፤ ጥቂት የሺጌላ ባክቴሪያዎች አንድን ጎልማሳ አልጋ ላይ ይጥላሉ። ግን ያ እንግዳ ሰፈሩን እንደሚለውጥ የሚነግረን ሰው ማስረጃውን ያምጣ፤ "ቢሊዮን" የሚለው ቃል ማስረጃ አይደለም።

ሦስተኛው ጥቅም ነው። ጥቅሙ የሚለካው በትክክለኛው ዝርያ ላይ፣ በትክክለኛው ሕመም ነው። ጠርሙሱ ላይ "ላክቶባሲለስ" ብቻ ተጽፎ ካያችሁ "ሰው" ተብሎ እንደተጻፈ ቁጠሩት። የትኛው ሰው? ሐኪም ነው? ሹፌር ነው? ሌባ ነው? ለአንዱ ዝርያ የተሠራ ጥናት ለሌላው አይመሰክርም። ማስታወቂያው ግን ያንዱን ምስክርነት ለሌላው ያለብሳል።

ኢሚዩኒቲ ወዴት ነው የሚጨምረው?

ከኮሮና ወዲህ "ኢሚዩኒቲ" የአማርኛ ቃል ሆኗል። ያኔ በየቤቱ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ ሲደቆስ ነበር። ጭንቀቱን አልስቅበትም፤ በሽታው አዲስ ነበር፣ ክትባትም አልነበረም። ግን ከዚያ ዘመን አንድ የተሳሳተ ሥዕል ቀርቶብናል። የመከላከል አቅም እንደ ውኃ ታንከር የሚሞላ ነገር ይመስለናል፤ ብዙ ከሆነ ጥሩ፣ ካነሰ መጥፎ።

እንደዚያ አይደለም። ሰውነታችን ራሱን የሚከላከልበት ሥርዓት ሲበዛም ይገድላል። አስም፣ አለርጂ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ እነዚህ ሁሉ ሥርዓቱ ያለቦታው ሲነሳ ወይም የገዛ ባለቤቱን ሲወጋ የሚመጡ ናቸው። "ጨምሩልኝ" የሚባል ነገር አይደለም። የሚያስፈልገው ጠላትን ለይቶ ማወቅ ነው፤ ይህን የሚያስተምር ነገር ደግሞ አለ፣ ክትባት ይባላል። አገራችን በሕፃናት ላይ ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣውን ሮታ ቫይረስ መከላከያ ክትባት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛው ፕሮግራም ትሰጣለች። ማንን ከምን እንደሚጠብቅ በስሙ ይታወቃል፣ ውጤቱ ይለካል፣ ወላጅ ጤና ጣቢያ ሄዶ በነፃ ያስከትባል። በዚህ ላይ የሚጨፍር ኢንፍሉዌንሰር አላየሁም፤ ኮሚሽን የለውማ።

ፕሮባዮቲክን በዚህ ሚዛን ያስቀመጡት አገሮች ምን አገኙ? የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን "የመከላከል አቅምን ያጠናክራል" የሚሉ የአምራቾችን ማመልከቻዎች አንድ በአንድ መርምሮ ማስረጃው አይበቃም ብሎ መለሰ። ያሳለፈው ነገር ቢኖር በእርጎ ውስጥ ያሉ ሕያው ባክቴሪያዎች የወተት ስኳር ለማይስማማው ሰው ስኳሩን ለመፍጨት ይረዳሉ የሚለውን ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የዳኖን የአሜሪካ ኩባንያ ስለ እርጎና መጠጦቹ ባጋነነው ማስታወቂያ የተነሳ ለ39 ግዛቶች 21 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ምርቱ ጉንፋንን ይከላከላል ማለቱን ለማቆም ተስማምቷል። ይህ ጓዳ ውስጥ የሚያሽግ ነጋዴ አይደለም። በዓለም ትልቁ የእርጎ ስም ነው።

"ታዲያ አሜሪካ ውስጥ በየሱቁ ይሸጥ የለ?" ትሉ ይሆናል። ይሸጣል። እ.ኤ.አ. የ1994ቱ የአሜሪካ ሕግ ሰፕሊመንት ሻጭ ምርቱ እንደሚሠራ አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ አያስገድደውም። በምትኩ በጠርሙሱ ጀርባ፣ በጉንዳን ፊደል፣ አባባሉን የመንግሥት ተቆጣጣሪ እንዳልገመገመውና ምርቱ በሽታን ለማከም ወይም ለመከላከል እንዳልታሰበ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ፊት ለፊቱ ተስፋውን ይሰጣል፣ ጀርባው ይክደዋል። እዚህ ሲደርስ ፊት ለፊቱ ወደ አማርኛ ይተረጎማል። ጀርባውን የሚተረጉም ግን የለም።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ አንዳንድ የጥናት ማጠቃለያዎች ፕሮባዮቲክ የጉንፋንን ብዛት በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል ይጠቁማሉ፤ አብዛኛው ማስረጃ ግን ደካማ መሆኑን እዚያው ይጽፋሉ። ከአንቲባዮቲክ ጋር ሲወሰዱ በመድኃኒቱ ምክንያት የሚመጣውን ተቅማጥ ለመቀነስ የተሻለ ማስረጃ አለ። ሐኪማችሁ ለዚህ ካዘዘላችሁ እሱን ስሙት። ማስታወቂያው ግን የሚሸጠው ይህን አይደለም። እሱ የሚሸጠው "ጠንካራ ሰው" መሆንን ነው።

አይጥና ሰው

አማርኛ ስሜትን ከሆድና ከአንጀት የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። ሲከፋን ሆድ ይብሰናል፣ ስናዝን አንጀታችን ይበላል፣ ደስ ሲለን አንጀታችን ይርሳል፣ ታጋሽ ሰው ሆደ ሰፊ ነው። ሻጮቹ ይህንን ያውቃሉ። "አያቶቻችን ያውቁት ነበር፣ ሳይንስ አሁን ደረሰበት" ይላሉ። ጥሩ ጨዋታ ነው። ሆዱ የባሰውን ሰው አያቶቻችን ምን ያደርጉለት እንደነበር ግን አይጨምሩም። ሄደው አጠገቡ ይቀመጡ ነበር።

አንጀትና አንጎል መነጋገራቸው እውነት ነው። ፈተና ሲደርስ ሽንት ቤት የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ እውነት ተነስቶ እንክብሉ ጋ ለመድረስ ግን ረጅም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ዝነኛ ጥናት ጄቢ-1 የተባለ የላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ዝርያ የተመገቡ አይጦች የጭንቀት ጠባያቸው እንደቀነሰ አሳየ። ከአንጀት ወደ አንጎል የሚሄደው ትልቁ ነርቭ ሲቆረጥ ውጤቱ ጠፋ። ግሩም ሥራ ነው፤ ዓለም ሁሉ ጻፈለት። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ አየርላንድ ውስጥ ያንኑ ዝርያ ለ29 ጤነኛ ወንዶች ሰጡ። አራት ሳምንት እውነተኛውን፣ አራት ሳምንት ባዶውን እንክብል። ጭንቀታቸውን፣ ስሜታቸውን፣ የማስታወስ ችሎታቸውን ለኩ። ከባዶው እንክብል የተሻለ ነገር አላገኙም። ከሁለቱ ጥናቶች የትኛውን ማስታወቂያ ላይ እንደምታገኙት መገመት አያቅታችሁም።

"ሴሮቶኒን 90 በመቶው የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው" የሚለውም ዓረፍተ ነገር አለ። ቁጥሩ በግርድፉ ትክክል ነው። የተቆረጠው ቀሪው ነው፤ በአንጀት የሚመረተው ሴሮቶኒን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር አልፎ አንጎል ውስጥ አይገባም። አንጎል የራሱን ለራሱ ይሠራል። ግማሽ እውነት ከውሸት ይልቅ ይሸጣል።

"እኔ ግን ወስጄ ተሽሎኛል" የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። አይዋሽም። ግን እንክብሉን መውሰድ የጀመረው መቼ ነው? በጣም ሲብሰው። በጣም የባሰ ነገር ብዙ ጊዜ በራሱ መለስ ይላል። በዚያው ሳምንት ለስላሳ መጠጥ ቀንሷል፣ በጊዜ ተኝቷል፣ "አሁንስ ለራሴ ላስብ" ብሏል። በእኔ ሙያ አንድ ሰው ዐሥር መስመር ኮድ በአንድ ጊዜ ቀይሮ ችግሩ ሲጠፋ "ሰባተኛው መስመር ነው የፈታው" ቢል አንሰማውም። ዘጠኙን መልሰህ አሳየኝ እንለዋለን። ባዶ እንክብል ያለበት ጥናት የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ምን ይጎዳል?

"ባይጠቅምም አይጎዳም" የመጨረሻው ምሽግ ነው። ይጎዳል። ኔዘርላንድስ ውስጥ በከባድ የቆሽት ብግነት ለተያዙ ሕሙማን ፕሮባዮቲክ ተሰጥቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ከወሰዱት 152 ሰዎች 24ቱ ሞቱ፤ ባዶውን ከወሰዱት 144 ደግሞ 9። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በሚሰጥ ፕሮባዮቲክ የተነሳ ከባድ፣ ሕይወት የሚያሳጣ ኢንፌክሽን ሊከተል እንደሚችል አስጠንቅቋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ እስራኤል ውስጥ በ21 ፈቃደኞች ላይ የተሠራ አነስተኛ ጥናት፣ ከአንቲባዮቲክ በኋላ ፕሮባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች የራሳቸው ባክቴሪያ ምንም ካልወሰዱት ዘግይቶ እንደተመለሰ አሳየ። ጤነኛ ጎልማሳ አንድ ጠርሙስ ስለጨረሰ ይሞታል እያልኩ አይደለም። "ተፈጥሯዊ ነውና ችግር የለውም" የሚለው አባባል ግን ውሸት ነው።

በአገራችን ትልቁ ጉዳት ሌላ ይመስለኛል፤ የሚባክነው ጊዜ ነው። አብራን የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። ፕሮግራሞቻችንን የምትፈትሸው እሷ ናት፣ ማንም የማያየውን ስህተት የምታይ። ባለፈው ዓመት ደረጃ ስትወጣ ማለክለክ ጀመረች። ሆዷን ያቃጥላታል፣ ይደክማታል፣ ትበሳጫለች። ሁላችንም "ስትረስ ነው" አልን፤ ሥራውም ያንን የሚያስብል ነበር። ቴሌግራም ላይ ያገኘቻት ሻጭ አንዱን ጠርሙስ በ4,200 ብር ሰጠቻት። ሲብስባት "መርዙ እየወጣ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቀጥዪ" አለቻት። ይህን መልስ ደግማችሁ አንብቡት። ከተሻላት መድኃኒቱ ሠራ። ከባሰባትም መድኃኒቱ ሠራ። በምንም ውጤት ሊሸነፍ የማይችል አባባል ምንም አልተናገረም። አራት ጠርሙስ ጨረሰች፣ 16,800 ብር። በአምስተኛው ወር እናቷ እየጎተቱ ሐኪም ጋ ወሰዷት። ቀስ እያለ የሚደማ የጨጓራ ቁስለት፣ ከእሱ የመጣ የደም ማነስ፣ ለቁስለቱም መንስኤ የሚሆነው ባክቴሪያ ተገኘ። ታከመች፣ ዳነች። አምስቱን ወር ግን ማን ይመልስላታል?

የዚያ ባክቴሪያ ታሪክ ለዚህ ክርክር የተጻፈ ይመስላል። የጨጓራ ቁስለት ለአሥርት ዓመታት "ከጭንቀት ነው" ይባል ነበር። ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው ብለው ተነሱ። የሚያምናቸው ጠፋ። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣውና ጨጓራው ሲቆጣ በናሙና አሳየ። እሱም አልበቃ ብሎ ሌሎች ደገሙት፣ በአንቲባዮቲክ ቁስለቱ እንደሚድን በሕሙማን ላይ ታየ። በ2005 ሁለቱ ኖቤል ተሸለሙ። ያኔ የጭንቀት ነው የተባለው ሕመም ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ደግሞ የገዛ ኑሯችን ያመጣውን ጭንቀት የባክቴሪያ ነው እያሉ ይሸጡልናል። የመጀመሪያዎቹ ማስረጃ ይዘው መጡ። የአሁኖቹ የቅናሽ ኮድ ይዘው ይመጣሉ።

እንጀራችንንም አንዋሽበት

እዚህ ላይ "የውጭውን ተዉት፣ የእኛ እንጀራ ራሱ ፕሮባዮቲክ ነው" የሚሉ ወገኖች እጃቸውን ያወጣሉ። ከልባቸው ስለሚሉት መልሱንም ከልብ እሰጣለሁ። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ በእውነት በሕይወት የተሞላ ነው። እርሾው ባክቴሪያና እርሾ ፈንገስ ነው፣ ከአንዱ ቡኮ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ። ከዚያ ግን ምጣድ ላይ ይፈሳል። ምጣዱ ማንንም አይምርም። ከአክንባሎው ሥር የሚወጣው እንጀራ ጣፋጭ ነው፣ መቦካቱም ምግቡን ለሰውነት ያመቻቸዋል፤ ሕያው ባክቴሪያው ግን እዚያው ቀርቷል። በትርጉሙ መሠረት እንጀራ ፕሮባዮቲክ አይደለም።

እርጎ ይሻላል፤ ሕያው ነው። ወይራ በታጠነ ዕቃ የረጋ እርጎ የሚወድ ሰው ነኝ። ግን ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎ ከጥሩዎቹ ጋር ብሩሴላን የመሰለ መጥፎ እንግዳም ሊይዝ ይችላል። የእኛ የሆነ ሁሉ መድኃኒት አይደለም። እርጎን እርጎ ስለሆነ፣ እንጀራንም እንጀራ ስለሆነ እንብላ። ምግባችን የተከበረ ለመሆን የፈረንጅ ጠርሙስ ላይ ያለውን ቃል መዋስ አያስፈልገውም። ስንዋሰው የሻጮቹን ሥራ በነፃ እንሠራላቸዋለን፤ "ባክቴሪያ መዋጥ ያድናል" የሚለውን ሐሳብ አገር በቀል ልብስ እናለብስላቸዋለን።

ጭንቀቱ ከየት መጣ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሠራ፣ አንድ ፕሮጀክት ለማስረከብ ሁለት ወር ሙሉ እስከ ሌሊት ስድስት ሰዓት ቆየን። ቅዳሜ ሥራ ነበር፣ እሑድም "ለሁለት ሰዓት ብቻ" ነበር። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስንጠይቅ "እንደ ቤተሰብ ነን" ተባለ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የሰው ኃይል ክፍሉ ለእያንዳንዳችን ቦርሳ አደለ። ውስጡ አንድ የሚጨመቅ ኳስ፣ "ራስዎን ይንከባከቡ" የሚል ካርድ እና አንድ ጠርሙስ ፕሮባዮቲክ ነበር። "ለስትረስ ጥሩ ነው" ብላ የሰጠችን ልጅ እሷም እንደኛው ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፣ ከመደበኛው የበለጠ ክፍያም ያዛል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ይህ ከየትኛውም እንክብል በፊት የተጻፈልን የጭንቀት ማዘዣ ነው። አሠሪው ይህን ማዘዣ ሳይሞላ ጠርሙስ ካደለ፣ እንክብሉ ስጦታ መሆኑ ይቀርና "ችግሩ የአንተ አንጀት ነው፣ የእኔ የሥራ ሰዓት አይደለም" የሚል ደብዳቤ ይሆናል።

ጭንቀት በቢሮ ብቻ አይመጣም። የቤት ኪራይ አለ፣ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ከሩቅ የሚመጣ ክፉ ወሬ አለ፣ ለታናናሾቹ የሚልክ ልጅ ሸክም አለ። አንዳንዱም ከእነዚህ ሁሉ አልፎ ሕክምና የሚያስፈልገው ድብርት ወይም የጭንቀት ሕመም ነው። ለዚህ በንግግርም በመድኃኒትም የሚረዱ ባለሙያዎች አሉ። ግን "አማኑኤል" የሚለውን የሆስፒታል ስም መሰዳደቢያ ያደረግን ሰዎች ነን። ሥነ አእምሮ ሐኪም ጋ ከመታየት ጠርሙስ ይዞ መታየት ይቀለናል። ጠርሙሱ ዘመናዊ ያስመስላል፣ ሐኪሙ ጋ መሄድ "አበደ" ያሰኛል። ሻጩ የሚነግድበት ባክቴሪያውን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ይህን እፍረታችንንም አሽጎ ይሸጥልናል።

"ታዲያ ሰው በእንክብሉ ትንሽ ተስፋ ቢያገኝ ምናለ?" የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ተስፋው በነፃ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን በ4,200 ብር ነው፣ ከምሳ ተቀንሶ። ደግሞም ተስፋው አቅጣጫ አለው። አንጀቱን የሚጠረጥር ሰው አለቃውን አይጠይቅም፣ ደሙን አያስመረምርም፣ ከጓደኛው ጋር ቁጭ ብሎ "አልቻልኩም" አይልም። ቀጣዩን ጠርሙስ ያዛል።

ስለዚህ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። የትኛው ዝርያ ነው፣ ሙሉ መለያው ምንድን ነው? ይህ ዝርያ እኔ ለያዘኝ ነገር በሰው ላይ፣ ከባዶ እንክብል ጋር ተወዳድሮ ታይቷል? እዚህ እስኪደርስ በምን ሙቀት ተቀመጠ? ሦስቱን የሚመልስ ካገኛችሁ ወደ ሐኪማችሁ ይዛችሁት ሂዱና ተመካከሩ። ካልመለሰ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

ተቆጣጣሪውን ደግሞ አንድ ነገር እንጠይቅ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወጥቷል፤ ሲፈለግ እንደሚቻል አይተናል። በአማርኛ "ጭንቀት ያድናል" ተብሎ በስልካችን የሚነገረው ነገርስ ማስረጃው የሚጠየቀው መቼ ነው? ለአሠሪዎች የምለው ግን ከሁሉም አጭር ነው። ኳሱንም፣ ካርዱንም፣ ጠርሙሱንም ያዙት። በአሥራ አንድ ሰዓት ወደ ቤታችን ልቀቁን፤ የሠራንበትን ክፈሉን።